«የአይቲ ሠራተኛ ሰዓት የለውም» ተብያለሁ፤ ፓስወርዱን ይዤ ብወጣስ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። አዲስ አበባ በሚገኝ፣ አዳማና ሐዋሳ ቅርንጫፍ ባለው አንድ የግል አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የኔትወርክና ሲስተም አስተዳዳሪ ሆኜ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሠርቻለሁ። ደመወዜ 26,000 ብር ነው። የሥራ ሰዓቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን 8 ሰዓት ቢሆንም ሥራው በመውጫ ሰዓት አያልቅም። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲወድቅ፣ የሐዋሳው ካሜራ ሲጠፋ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ ሁሉም የሚደውለው፣ በቴሌግራምም የሚጽፈው ለእኔ ነው። ኢንተርኔቱ ከውጭ ሲቋረጥም የምወቀሰው እኔ ነኝ። የሥራ አስኪያጁን ልጅ ላፕቶፕ ፎርማት የማደርገውም እኔ ነኝ። የመስቀል ዕለት ከቤተሰቤ መሐል ተጠርቼ የተመለስኩት ማታ ነው።

የትርፍ ሰዓት ስጠይቅ «የአይቲ ሠራተኛ ሰዓት የለውም፤ ደግሞም አንተ ኃላፊ ነህ» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ከአምና ጀምሮ «የአይቲ ክፍል ኃላፊ» የሚል ደብዳቤ አለኝ፤ ከሥሬ ያለው ግን አንድ ጀማሪ ቴክኒሻን ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ድርጅቱ 180,000 ብር ከፍሎ የአምስት ሳምንት የፋየርዎል ሥልጠና ሰጥቶኛል። ያን ጊዜ «ሦስት ዓመት ሳላገለግል ብለቅ 400,000 ብር እከፍላለሁ» ብዬ ፈርሜአለሁ። ስቀጠር አጎቴ ተያዥ ሆኖኛል፤ ዋናው ዲግሪዬም እነሱ ጋር ነው።

አሁን አንድ ባንክ የተሻለ ሥራ ሰጥቶኝ መልቀቂያ አምጣ ብሎኛል። ጓደኞቼ «የአድሚን ፓስወርዱን ይዘህ ውጣ፤ ሲቸገሩ ራሳቸው ይለምኑሃል፣ ዲግሪህንም ይሰጡሃል» ይሉኛል። በትርፍ ጊዜዬ የጻፍኩት የስቶክ መቆጣጠሪያ ፕሮግራምም አለ፤ እሱንስ አጥፍቼው ብሄድ?

መልስ፦

ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሌሎቹ ጥያቄዎች ቢበዛ ብር ያስከፍላሉ፤ ይህ ግን ያሳስራል።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ይቀጣል። መነሻው እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ነው። ሥርዓቱ የአንድ ድርጅት ብቻ ሲሆን ግን ቅጣቱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል፤ መቀጮው ሳይቀር። ዛሬ አስተዳዳሪ ስለሆኑ ፈቃድ አለዎት። የሥራ ውልዎ በተቋረጠ ማግስት ግን ያው አካውንት፣ ያው ፓስወርድ ያለ ፈቃድ መግባት ይሆናል። ዳታ ማጥፋትና የሥርዓቱን አሠራር ማወክ በዚሁ አዋጅ ራሳቸውን የቻሉ ወንጀሎች ናቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙን የጻፉት እርስዎ ቢሆኑም እነሱ ሰርቨር ላይ ያለውን እንዳይነኩት። «ለመብቴ ነው ያደረግኩት» የሚለው መከላከያ እዚያ ችሎት ብዙ አያራምድም። ደመወዙን ሊጠይቅ ይችል የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት ንዴት ከሳሽነቱን ትቶ ተከሳሽ ሲሆን አይቻለሁ።

ፓስወርዱን መያዝ በሥራ ሕጉም ይጎዳዎታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 36 ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈል ያዛል። ሠራተኛው የአሠሪውን ንብረት ማስረከብ ካዘገየ ግን ጊዜው ይራዘማል። አሠሪው ያለ ምክንያት ቢያዘገይ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝዎ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊያዝልዎ ይችላል (አንቀጽ 38)። ፓስወርዱን ኪስዎ ውስጥ ካስገቡ ይህን ሁሉ አንስተው ለእነሱ ሰጧቸው ማለት ነው።

ስለዚህ ርክክቡን እርስዎ ያስቀድሙ። የአካውንቶቹን ዝርዝር፣ ፓስወርዶቹን፣ ላፕቶፑን፣ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ በጽሑፍ አዘጋጅተው በታሸገ ፖስታ፣ ሁለት ሰው ባለበት ያስረክቡ፤ በቅጂው ላይም ያስፈርሙ። «አካውንቶቼ ከዚህ ቀን ጀምሮ እንዲዘጉልኝ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ስልክዎና ቤት ያለው ኮምፒውተርዎ ላይ ከርቀት መግቢያ ፕሮግራም ካለ ያጥፉት። ከወራት በኋላ ሰርቨሩ ቢበላሽ መጀመሪያ የሚጠራው ስም የእርስዎ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያድንዎ ይህ ወረቀት ነው።

ወደ ትርፍ ሰዓቱ ልመለስ። «የአይቲ ሠራተኛ ሰዓት የለውም» የሚል ሕግ የለም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሊበልጥ አይችልም። ከሕጉ ውጭ የሚሆነው የሥራ መሪ ነው፤ ድርጅቱም «ኃላፊ ነህ» ያለው ይህንን አስቦ ነው። የሥራ መሪ የሚባለው ግን በሕግ ወይም በአሠሪው ውክልና የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ያለው፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ማዕረግ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም። «መመደብ» የምትለዋን ቃል ግን ልብ ይበሉ። የቴክኒሻኑን ተራ የሚያወጡት እርስዎ ከሆኑ የድርጅቱ ጠበቃ በዚያች ቃል ይንጠለጠላል። የሥራ ዝርዝርዎን ያውጡና ይመልከቱ፤ ቴክኒሻኑን የቀጠረው ማን ነው? ፈቃዱን የሚፈርምለት፣ ሲያጠፋ የሚያስጠነቅቀውስ? መልሱ የሰው ኃይል ክፍል ወይም ሥራ አስኪያጁ ከሆነ እርስዎ ሠራተኛ ነዎት።

ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ሲሠራ ነው (አንቀጽ 66)። ብዙ የአይቲ ባለሙያ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሲስተሙ ሲወድቅ ማንም ሳይነግረው ራሱ ተነስቶ ያስነሳል፤ ጠዋት «ማን አዘዘህ?» ይባላል። የእርስዎ ጥቅም ትእዛዙ በቴሌግራም መምጣቱ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታል፤ «ሰርቨሩን አሁኑኑ አንሳው» የሚል የሥራ አስኪያጅ መልእክት ከነሰዓቱ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቤት ቁጭ ብለው ስልክ ከፍተው የጠበቁበት ሰዓትስ? አዋጁ የሥራ ሰዓትን ሲተረጉም ለሥራ ዝግጁ ሆኖ መገኘትንም ስለሚጠቅስ ክርክር ይነሳበታል። እኔ ግን በእርስዎ ቦታ ብሆን የሠራሁትን ሰዓት ብቻ እጠይቃለሁ። የጠበቁበትን ሲጨምሩበት እውነተኛው ጥያቄም የተጋነነ ይመስላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ወሩ 208 ሰዓት ይሆናል፤ 26,000 ሲካፈል ለ208፣ ሰዓትዎ 125 ብር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራው በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሰርቨር ሲያስነሱ ቢያመሹ የመጀመሪያዋ ሰዓት 187.50፣ ቀጣዮቹ ሦስት ሰዓታት 656.25፣ በድምሩ 843.75 ብር ነው። የመስቀሉ እያንዳንዱ ሰዓት 312.50 ነው። አዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ይከለክላል። ይህ ገደብ ግን የተቀመጠው አሠሪውን ለመያዝ ስለሆነ፣ ከገደቡ በላይ ሠርተው ከሆነ የሠሩትን ያስቀርብዎታል ብዬ አላምንም።

አሁን መጥፎውን ዜና ልንገርዎ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ይታገዳል (አንቀጽ 163)። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሌሊት ሠርተዋል፤ በፍርድ ቤት ሊያስከፍሉ የሚችሉት በተግባር የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ነው። በያዙት ቁጥር ደግሞ ከኋላ አንድ አንድ ወር ይወድቃል። የመስቀሉም ሒሳብ በቅርቡ ይጠፋ ይሆናል፤ ቀኑን ይቁጠሩ። «ስለቅ አንድ ላይ እጠይቃለሁ» ብለው የቆዩ ስንቶች ቢሮዬ መጥተው አንገታቸውን ደፍተው ወጥተዋል። የሥራ ክርክር ችሎት የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠይቅ በገንዘብ ሰበብ የሚያዘገይዎት ነገር የለም።

ስለ 400,000 ብሩ። የሥልጠና ግዴታ ውል እንዲያው «ሕገ ወጥ ነው» ተብሎ የሚጣል አይደለም። አዋጁ ራሱ ስለ ስንብት ክፍያ ሲደነግግ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታን ይጠቅሳል። በየቢሮው የሚወራው «ከሠላሳ ቀን ደመወዝ በላይ አልጠየቅም» የሚለውም እዚህ አይሠራም። ያ ጣሪያ (አንቀጽ 45) የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የሚለቅ ሠራተኛ የሚከፍለውን ካሣ የሚመለከት ነው። ይልቅ ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ እንሂድ። ተዋዋዮች መቀጫ አስቀድመው መወሰን ይችላሉ (ከአንቀጽ 1889 ጀምሮ)። ነገር ግን ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ከሆነ ዳኛው መቀጫውን ሊቀንሰው ይችላል (አንቀጽ 1893)። እርስዎ ከሦስቱ ዓመት ሁለቱን ፈጽመዋል። በመቀጫው ላይ ብንሄድ የቀረው አንድ ሦስተኛ ወደ 133,000 ብር ነው፤ በእውነተኛው የሥልጠና ወጪ ብንሄድ ደግሞ 60,000 ነው። ዳኛው «ይቀንሳል» ሳይሆን «ሊቀንስ ይችላል» ነውና ቃል አልገባልዎትም። እኔ ግን ክስ ሳይነሳ 60,000ውን በጽሑፍ አቅርቤ፣ ያልተከፈለውን ትርፍ ሰዓት ከዚያ ላይ እንዲቻቻል ጠይቄ እጀምር ነበር። ባንኩንም ይጠይቁት፤ እንዲህ ያለ ዕዳ ከፍሎ ሰው የሚወስድ ቀጣሪ አለ።

ድርጅቱ የመጨረሻ ደመወዝዎን «ለመቀጫው» ብሎ ጠቅልሎ ሊይዘው ይሞክር ይሆናል። ያለ ሕግ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ እርስዎ የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዝ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ ሊያልፍ አይችልም (አንቀጽ 59)። ስለዚህ በመልቀቂያ ቀን ከሚቀርብልዎ ወረቀት ክምር መሐል የምትሸጎጠውን «ተቀናሽ እንዲደረግ ተስማምቻለሁ» የምትል ቅጽ ሳያነቡ አይፈርሙ።

አጎትዎን ያረጋጉ። የፈረሙት የተያዥነት ቅጽ ቅጂ ይፈለግና ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ዋስትና የሚጸናው ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን በጽሑፍ ሲገለጽ ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922)፤ የብሩ ቦታ ባዶ ከሆነ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ዋስትና ከተጻፈበት ወሰን አይለጠጥም። እኚህ ሰው የፈረሙት እርስዎ ሲቀጠሩ ነው፤ ሥልጠናው የመጣው በኋላ ነው። ቅጹ ስለ ንብረት ጉድለት የሚናገር ከሆነ ለሥልጠናው መቀጫ ሊጠየቁበት አይገባም።

ዲግሪው የእርስዎ ነው። በአዋጁ ውስጥ አሠሪ የሠራተኛን ዋና የትምህርት ማስረጃ መያዣ እንዲያደርግ የሚፈቅድ ድንጋጌ የለም። የሥራ ዓይነትዎን፣ የአገልግሎት ዘመንዎንና ደመወዝዎን የሚገልጽ ምስክር ወረቀትም ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ከዕዳ ጋር ሊያያይዘው አይችልም። ሁለቱንም በመልቀቂያ ደብዳቤዎ ላይ በስም ጠቅሰው ይጠይቁ፤ ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ እንዲታሰብልዎም እዚያው ይጻፉ። ደብዳቤው የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ የሰጠ ይሁን፤ መዝገብ ቤት ገቢ አድርገው ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይያዙ። አዋጁ አሠሪው ግዴታውን በተደጋጋሚ ሲጥስ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅን ቢፈቅድም (አንቀጽ 32) ጥሰቱን ማስረዳት የእርስዎ ሸክም ይሆናል። ባንኩ ወር የሚታገስ ከሆነ ያን ሸክም ለምን ይሸከማሉ?

ስለ ስቶክ ፕሮግራሙ ባጭሩ፦ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሠራተኛ በሥራው ሂደት የፈጠረው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። የእርስዎ ውል ስለ ኔትወርክና ሲስተም እንጂ ስለ ፕሮግራም መጻፍ የማያወራ ከሆነ፣ በራስዎ ኮምፒውተርና በራስዎ ጊዜ የሠሩት ከሆነ ክርክር አለዎት። ሥራ አስኪያጁ «ሥራልን» ብሎ ያዘዘበት መልእክት ካለ ግን ክርክሩ ይሳሳል። ደግሞ ያንኑ መልእክት ለትርፍ ሰዓቱ ሊጠቀሙበት ነውና በሁለት ቢላ መብላት አይቻልም፤ አንዱን ይምረጡ። እኔ ትርፍ ሰዓቱን እመርጥ ነበር።

ደብዳቤውን ከማስገባትዎ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። በለቀቁ ቀን ከድርጅቱ የቴሌግራም ግሩፕ ያስወጡዎታል። ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተጻጻፉትን፣ ለሥራ የጠሩዎትን መልእክቶች ከነቀኑና ከነሰዓቱ አሁኑኑ ያስቀምጡ። የሚያስቀምጡት ለእርስዎ የተላኩትን ብቻ ይሁን፤ የድርጅቱን ሰነድ፣ የደንበኛ ዝርዝር ወይም የሌላ ሰው ኢሜይል በአስተዳዳሪነት አካውንትዎ ገብተው እንዳያወጡ።