የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ለአዘዞ–ፒያሳ መስመር፦ ከነዳው ሰው

ትናንት ማታ «አምስት ሆነን ማኅበር መሥርተናል፤ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ገዝተን ጎንደር ላይ ከአዘዞ ፒያሳ ልናሠራ ነው። ዳገቱን ይችላል ወይ? ለሹፌሩስ ምን ይቀየርበታል? ሕዝቡስ ይወደዋል?» ብለህ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ ከሥር «ዳገት ላይ ተኝቶ ይቀራል»፣ «ባትሪው ሁለት ዓመት አይቆይም» የሚለውን አስተያየት ሁሉ ሳነብ አምሽቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በዚሁ መስመር ላይ ዘጠኝ ዓመት ናፍጣ ነድቻለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ወርጄ ለአሥራ ስድስት ወር ባለ 12 ሜትሩን የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ያዝኩ። ዘንድሮ እናቴ ስለታመመች ተመልሻለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ወደ ታች ትንሽ የማማው ነገር አለ።

ዳገቱን አትጨነቅበት። ናፍጣ ሞተር ጉልበት የሚሰጥህ ዙሩ ከፍ ሲል ነው። ለዚህ ነው ሽቅብ ስንወጣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ እያወረድን ከኋላችን ላለው ባጃጅ ጥቁር ጭስ የምናጠጣው። በዚያ ላይ በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ናፍጣው ትንፋሽ ያጥረዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ጉልበቱንም ገና ከቆመበት ነው የሚሰጥህ። ስልሳ ሰው ጭኜ ዳገት ላይ ቆሜ ስነሳ ወደ ኋላ የተንሸራተተብኝ ቀን የለም።

ባትሪውን ዳገቱ ይጨርሰዋል ላለው ሰው ደግሞ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያው 2000 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ፒያሳ 2200 አካባቢ። ልዩነቱን 200 ሜትር በለው። እኔ የነዳሁት ከነሰዉ 17 ቶን ገደማ ይሆናል። ይህን ክብደት 200 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ የሚባክነውን ጨምረህ 11 በለው። የባትሪው መያዣ 300 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነበር። እንግዲህ ዳገቱ ብቻውን ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም። የናንተው 8 ሜትር ከሆነ ሁሉንም በግማሽ ገደማ ቀንሰው። ሜዳ ላይ ባለ 12 ሜትሩ በኪሎ ሜትር ከ1 እስከ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ያው ናፍጣው በ100 ኪሎ ሜትር ከ35 እስከ 40 ሊትር እንደሚጠጣ ታውቃለህ፣ የነዳጅ ሰልፉንም እንደዚሁ። የእኛ አየር ጸባይ ደግሞ ለባትሪ የተመቸ ነው፤ እንደ ሞቃት አገር ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ አታስነሳም፣ ውርጩም ባትሪ የሚያስቸግር አይደለም።

የኔ ፍርሃት ሌላ ቦታ ነው። «ግቢ አለን፣ ፒያሳ ጀርባ፣ ቻርጀሩን እዚያ እንተክላለን» ብለሃል። እዚህች ላይ ቁም።

የኤሌክትሪክ አውቶቡስ እግርህን ከፔዳሉ ስታነሳ ሞተሩ ዲናሞ ይሆንና ጎማው እያዞረው ወደ ባትሪው ይሞላል። ያ መሙላቱ ነው መኪናውን የሚይዝልህ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳትነካ ትወርዳለህ፤ ሽቅብ ስትወጣ ከከፈልከውም የተወሰነውን ይመልስልሃል። የፍሬን ሸራ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ብነግርህ አታምነኝም። ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የት ይግባ? ሞልቶ አፉ ድረስ የደረሰ እንስራ ላይ ውኃ ብትጨምር ወደ ውጭ ነው። መኪናው እንዳይጎዳ ብሎ መሙላቱን ያቆመዋል፣ መያዙም አብሮ ይቀራል።

ይህን የተማርኩት በሁለተኛው ሳምንቴ ነው። ቻርጅ የምናደርግበት ግቢ ከሽሮ ሜዳ በላይ ነበር። ሌሊቱን ሲሞላ ያደረ መኪና፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዳሽቦርዱ ላይ 100 ይላል። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስጀምር እንደለመድኩት እግሬን አነሳሁ፤ መኪናው አልያዘም። ጭራሽ ፍጥነት ጨመረ! ማርሽ ልቀንስ እጄን ሰደድኩ፣ ማርሽ የለም። ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ይፈልጋል፣ ፍሪሲዮን የለም። የቀረኝ የአየር ፍሬኑ ብቻ ነው። እየረገጥኩ እየለቀቅኩ ስድስት ኪሎ ስደርስ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ውስጥ ገባ፤ ከበሩ አጠገብ የቆመ ተማሪ «ሹፌር፣ የሆነ ነገር እየነደደ ነው» አለኝ። ዳር አስይዤ ሰው አወረድኩና ሩብ ሰዓት አስቀዘቀዝኩት። ሥልጠናው ሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነገረንም።

ስለዚህ ከቻላችሁ ቻርጀሩን አዘዞ ትከሉት። ጠዋት ሙሉውን ይዞ ይወጣል፣ ዳገቱ ላይ ቦታ ያበጃል፣ ሲመለስ የሚያገኘውን ያስገባበታል። ግድ ፒያሳ ከሆነ ቻርጀሩ 85 ወይም 90 ላይ እንዲቆም አስተካክሉት። በሳምንት አንዴ ግን እስከ 100 መሙላት አለበት፤ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ካልሞላ ቆጣሪው ይዘባርቃል፣ 30 እያለህ ድንገት 12 ይላል። ያን ቀን የጠዋቱ ሹፌር ይነገረው፣ ወረቀት ጽፋችሁም መሪው ላይ ለጥፉለት።

ወደ ሹፌርነቱ ልምጣ። መንዳቱ ይቀላል፤ የሚከብደው እግርን ማስተማር ነው። እንደ ናፍጣ ከረገጥከው ቆሞ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እግርህን ባንዴ ካነሳህ ደግሞ ሁሉም ወደ ፊት ይሰግዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንዲት እናት ዘንቢላቸው ተደፍቶ ቲማቲሙ እስከ እኔ ወንበር ተንከባለለ። «ልጄ፣ ዛሬ ነው የጀመርከው?» አሉኝ፤ አዎ ማለት አፈርኩ። በኋላ የገባኝ ነገር፣ አንገረብ ወንዝ ወርደው ውኃ ይቀዱ የነበሩ እናቶቻችን እንስራ አዝለው እንዴት እንደሚራመዱ ነው። አይቸኩሉም፣ ድንገት አይቆሙም፣ ውኃውም አይፈስም። እንደዚያ ነው የሚነዳው። ክረምት ላይ ኮብልስቶን ላይ ስትነሳ ደግሞ የበለጠ ቀስ በል፤ ጉልበቱ ባንዴ ስለሚመጣ ጎማው ይዞርብሃል። ጎማ ከናፍጣው ቶሎ ይበላል፣ ክብደቱም ስላለ፤ በጀታችሁ ላይ ጻፉት።

ድምፁ ሌላ ነገር ነው። የትራፊክ መብራት ይዞኝ ስቆም ስንት ጊዜ «ጠፋብህ እንዴ?» ተብያለሁ። አዲስ ተሳፋሪ ዝምታውን አያምነውም። ሲለምደው ግን ይወደዋል፣ ናፍጣ የሚያቅለሸልሸው ሰው በተለይ። ያልተጠበቀው ጣጣ ስልክ ነው፤ ሞተሩ ስለማይጮህ አንዱ ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ አውቶቡሱ በሙሉ ይሰማል። አንድ ቀን ከኋላ ያሉት ሰዎች ገብተው አስታረቁት!

ውጭ ላለው ሰው ግን ዝምታው አደጋ ነው። ቅዳሜ ገበያ ቀን እንጨት የጫነች አህያ፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ ጀርባውን ሰጥቶህ የሚሄድ ገበሬ፣ አንዳቸውም አይሰሙህም። ዛሬ የሚሠሩት ብዙዎቹ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሲሄዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ ያሰማሉ። ሲገዛ መኖሩን ጠይቁ፤ አንዳንዱ ሹፌር ሰለቸኝ ብሎ ያጠፋዋል፣ እንዳይጠፋ አድርጉት። የጥምቀት ሰሞን ጃን ሜዳ ባይኖረን ፋሲል መዋኛ አለን፤ ያ ሁሉ ነጭ ለባሽ መንገድ ሲሞላ ክላክስ ብቻ አያዋጣህም።

አንድ የሚያስቅ ልንገርህ። የሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ባትሪ 600 ቮልት አካባቢ ነው፤ ግን መኪናውን የሚያነቃው እንደማንኛውም ትልቅ መኪና ያለ ትንሽዬ ባለ 24 ቮልት ባትሪ ነው። ረዳቴ አንድ ሌሊት ውስጡ ተኝቶ መብራትና ሬዲዮ ከፍቶ አደረ። ጠዋት ትልቁ 92 ከመቶ አለው፣ መኪናው ግን ድርቅ! ቴክኒሻኑ መጥቶ ከአንድ አይሱዙ ገመድ ስቦ አስነሳው። ናፍጣ መኪና ኤሌክትሪኩን ሲያነቃ አይቼ አንድ ሳምንት ሳቅኩ። ግን የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚያስተላልፈውን፣ ብርቱካናማ ሽፋን ያለውን ገመድ አንተም ረዳትህም እንዳትነኩ፣ በግፊት ውኃም አትጠቡት፤ እሱ ቀልድ አያውቅም።

የማማው ነገር ያልኩህ ይኸው፦ ድርጅቱ ሹፌሮችን በኪሎ ሜትር በበላነው መብራት ደረጃ እያወጣ ጉርሻ ይሰጥ ነበር። ሜዳ መስመር የደረሰው ይበላል፣ እኛ ዳገት የምንወጣው ሁሌ መጨረሻ። ብንናገር ሰሚ የለም። እናንተ አምስት ስለሆናችሁ ከወዲሁ ተነጋገሩበት፤ ሹፌር የሚለካ ከሆነ ከራሱ ከትናንቱ ጋር ይለካ።

መብራቱን በተመለከተ ሰው «ሕዳሴ ግድብ አለ ምን አሳሰባችሁ» ይላል። 5150 ሜጋዋት ነው፣ ጳጉሜ 2017 ተመርቋል፣ እልል ብለናል። ግን መብራት የሚጠፋብን ከግድብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የሰፈር መስመርና ትራንስፎርመር ነው። አንድ 60 ኪሎዋት ቻርጀር ባለ 300ውን ባትሪ ከ20 ወደ 90 ከመቶ ለማድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ለአንድ አውቶቡስ ይበቃል። ነገ አሥር ሆናችሁ ባንዴ ብትሰኩ ግን 600 ኪሎዋት ነው፤ ሰፈር ላይ የምናየው ትልቁ ባለ 315 ኪቪኤ ትራንስፎርመር (ኪቪኤ የአቅም መለኪያ ነው፣ ከኪሎዋት ጋር ይቀራረባል) ሁለት እንኳ ቢሆን አይተርፍም። ማመልከቻውን አውቶቡሱ ሳይገዛ አስገቡ። ቀን መብራት ሲጠፋ የሚያወጣችሁ 40 ከመቶ ባትሪው ውስጥ ተቀማጭ ይኑራችሁ፤ ጄኔሬተር አስነስቶ አውቶቡስ መሙላት የናፍጣን ሰልፍ በሌላ በር መመለስ ነው።

(ይህን ሳስብ ሁሌ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። አንገረብና ቀሃ መገጭ ወንዝ ይገባሉ፣ መገጭ ጣና፣ ከጣና ደግሞ በ2002 የተመረቀው 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ይጠጣል። ጎንደር ላይ የዘነበው ዞሮ ዳገታችንን ሊያወጣን ነው።)

ሕዝቡስ ይወደዋል ወይ ላልከው፣ ሆስፒታል የሚመላለሱ ሽማግሌዎችን አስብ። ወለሉ ዝቅ ያለ ከሆነ ሳይደገፉ ይገባሉ፤ እኔ በሥራው የወደድኩት አንዱ ይህ ነው። ግን ባትሪውን ከሥር የያዘ በጣም ዝቅ ያለ መኪና የኛን የውስጥ ለውስጥ መንገድ አይችልም፣ ድንጋይ ይልሰዋል። ፊት በሩ ዝቅ ብሎ ኋላው ከፍ ያለ ቢሆን ብዬ እመርጣለሁ።

በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሻጩ በዝቷል፣ ሁሉም «አንዴ ተሞልቶ 300 ኪሎ ሜትር» ይልሃል። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የመሰኪያውን ጉድጓድ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ላክልኝ። አብዛኛው ከቻይና ስለሚመጣ ጂቢቲ የሚባለው የቻይናው መሰኪያ ይሆናል፤ ቻርጀሩን የሚሸጥላችሁ ሰው የአውሮፓውን ሲሲኤስ ካመጣ ግን ሁለቱ አይገጥሙም፣ አውቶቡሱም ግቢ ውስጥ ቆሞ አስማሚ ሲጠብቅ ይከርማል።