መሣሪያው ይቆይ፤ መጀመሪያ ጀሪካኑ

ጥያቄ፦ ሰንዳፋ አካባቢ ሦስት የሚታለቡ ላሞች አሉኝ። ሰብሳቢው ወተቴን በአልኮል እየሞከረ አንዳንድ ቀን «ኮምጥጧል» ብሎ ይመልስብኛል። ላሞቹ ደህና ናቸው። ልጄ ምግብ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ የሚለይ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ ይለኛል። ብገዛው ይጠቅመኛል? ሁለቱንም ጀሪካን በየቀኑ አጥባለሁ።

መልስ፦ እትዬ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። ባዮሴንሰር ይባላል። በብዙዎቹ ላይ አንድን ጀርም ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይለጠፋል፤ ጀርሙ ሲያዝ መሣሪያው በኤሌክትሪክ ወይም በቀለም ምልክት ይሰጣል። ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ጀርም ለመለየት የተሠራው ግን ወተትዎን ምን እንዳኮመጠጠው አይነግርዎትም። ጀርሙ ጥቂት ከሆነም ናሙናውን ለሰዓታት አሙቆ ማራባት ያስፈልጋል። ለወተት ፋብሪካ ይሁን፤ እርስዎ ገንዘብዎን አያውጡበት።

እኔን የያዘችኝ የመጨረሻዋ መስመርዎ ናት። የሚመለሰው «አንዳንድ ቀን» ነው፤ ጀሪካኑ ደግሞ ሁለት ነው። ከላሞቹ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በተከታታይ ቀናት ይመለስ ነበር። አንደኛው ጀሪካን በወጣ ቀን የሚመለስ ይመስለኛል። አሮጌውን በቢላ ሰንጥቀው ከእጀታው ሥር ይዩት፦ ቢጫ፣ የሚያሟልጭ፣ ኮምጣጣ የሚሸት ልባጭ ያገኛሉ። ጀርም በሞቀ ወተት ውስጥ በ20 ደቂቃ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ማለዳ የታለበው ሰብሳቢው ጋ እስኪደርስ ይበቃዋል።

ስለዚህ እጅዎ እስከ ታች የሚገባበት፣ ክዳን ያለው የአሉሚኒየም ዕቃ ይያዙ። ወተቱን እንደገለበጡ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት፤ ሙቅ ከቀደመ ወተቱ ዕቃው ላይ ይጋገራል። ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በብሩሽ ጥግ ጥጉን ይሹት። ሳሙናውን ካስለቀቁ በኋላ የፈላ ውሃ ያፍስሱበት። በጨርቅ አይወልውሉት፤ ቆጥ ላይ ደፍተው ፀሐይ ያስመቱት። ክረምት ላይ ከምድጃው አጠገብ ይድፉት።

ጀሪካን ውስጥ ጠጠር ጨምሮ መነቅነቅን ግን እባካችሁ ተዉት! በየመንደሩ አያለሁ። ጠጠሩ ፕላስቲኩን ይቧጭረዋል፤ ጀርሙም ጭረቱ ውስጥ ይደበቃል።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አድርገው አሁንም ከተመለሰ፣ የእንስሳት ሐኪም የላሞቹን ጡት ይመርምር። ለቤት የሚቀረውን ደግሞ ሳያፈሉ ለልጆች አይስጡ፤ ደህና ከምትመስል ላም እንኳ የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴላ ጀርም በወተት ይመጣል፤ ማፍላቱ ይገድላቸዋል።