የመንጋጋ መገጣጠሚያና የማኘኪያ ጡንቻ ሕመም፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ (ፊዚዮቴራፒስት)፦ ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው? በየትኛው ጎን ነው? በፊት ጥርሶቻችሁ መሀል የራሳችሁ ስንት ጣት ደርቦ ይገባል? ሦስት ጣት ከገባ ደህና ይከፈታል ማለት ነው። ቁስል ኖሮባችሁ መንጋጋችሁም አንገታችሁም እየደረቀ ከመጣ ግን ቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ሊሆን ስለሚችል እዚህ አትጠይቁ፣ ሆስፒታል ሂዱ።

ሚሚ፦ 4 ወር ሆነኝ፣ በሁለቱም ጎን ነው፣ ሦስት ጣት ይገባል። ጠዋት ጆሮ ግንዴን ጨምድዶ ይይዘኛል። የጆሮ ሐኪም ጆሮሽ ደህና ነው አለኝ።

መላሽ፦ እህቴ፣ የተሟላ ጥያቄ ነው። መገጣጠሚያው ያለው ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ስለሆነ ሕመሙ የጆሮ ይመስላል። አሁን ጣትሽን ጉንጭሽ ላይ አድርጊና ጥርስሽን ነከስ አድርጊ። ጠጥሮ የሚነሳው ማኘኪያ ጡንቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያመውም እሱ ነው።

ጡንቻው እንዲያርፍ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ግን አይገጠም። የላይና የታች ጥርስ መነካካት ያለበት ስናኝክና ስንውጥ ነው። «ን» ስትዪ ምላስሽ የሚያርፍበትን ቦታ ያዢ፣ የላይኛው ጥርስ ሥር ላንቃው ላይ፤ ጥርስሽ በራሱ ይላቀቃል። ታክሲ ውስጥ፣ ስልክ ስታዪ፣ ሽንኩርት ስትከትፊ ተገጥሞ ታገኚዋለሽ። በየ30 ደቂቃው የሚያስታውስሽ ነገር ስልክሽ ላይ ሙዪ።

ቀጥሎ ሙቀት ነው። ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክረሽ ጨምቀሽ 15 ደቂቃ ጉንጭሽ ላይ ያዢ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ፎጣ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ለብ ካለው በላይ የሞቀ ውኃ በሃይላንድ ሞልተሽ እርጥቡን ፎጣ ጠቅልዪበት። መጀመሪያ በእጅሽ አንጓ ሞክሪው። ከዚያ ምላስሽ ላንቃሽን ሳይለቅ አፍሽን ቀስ ብለሽ ክፈቺ፤ 6 ጊዜ፣ በቀን 6 ዙር። መስታወት ፊት ሥሪው፣ አገጭሽ ወደ ጎን እንዳይሸሽ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምላሱን ለቆ እስከ መጨረሻው ሲከፍት ነው፤ የቆሰለውን ጡንቻ መልሶ ይጎትተዋል። ለ3 ሳምንት ቆሎ፣ ማስቲካ፣ ሸንኮራና ጥሬ ሥጋ ይቅር፤ ጉርሻም ትንሽ ትንሽ ይሁን። ስታዛጊ አገጭሽን በእጅሽ ደግፊ።

የአዳማው፦ ስከፍት ቀጭ ይላል፣ አያምም።

መላሽ፦ ካላመመና ካልተቆለፈ ሕክምና አያስፈልገውም። ድምፁን ለመስማት ደጋግመህ አትክፈተው። ድምፁ ድንገት ጠፍቶ ሁለት ጣት እንኳ አልገባ ካለ ግን በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ዲስክ (በአጥንቶቹ መሀል እንደ ትራስ ያለው ነገር) ተሸራትቶ መንገድ ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በሳምንቱ ውስጥ ታየው።

ብርቄ፦ ወጌሻ ጋ ሄዶ ቢታሽስ? ሰፈራችን ያለው እጁ ፈዋሽ ነው።

የአዳማው፦ ወጌሻ ለወለምታ ነው እንጂ ለመንጋጋ! ሰው ታንቆ ሊወጣ ነው?

ብርቄ፦ ሐኪም ቤት ሄዶ ፓራሲታሞል ተሰጥቶት የሚመለስስ?

መላሽ፦ ሁለታችሁም ተዉ። በራስ ጣት ጉንጭን ቀስ ብሎ 2 ደቂቃ ማሸት ጥሩ ነው። በኃይል መሳብና ማስጮህ ግን ማንም ያድርገው ማን፣ አይደረግ። አፍ ተከፍቶ አልዘጋ ካለ መገጣጠሚያው ወልቋል፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

ሳሚ፦ የጥርስ ሐኪም ናይት ጋርድ (ማታ ጥርስ ላይ የሚደረግ መሸፈኛ) ግዛ አለኝ። ከፋርማሲ በፈላ ውኃ የሚለሰልሰው ይሆናል?

መላሽ፦ እኔ አልመክረውም። ለስላሳ ስለሆነ አንዳንዱ ሰው እንደ ማስቲካ ያኝከዋል፣ ጡንቻውም ይብስበታል። በልክህ የተሠራ፣ ጠንካራና ሁሉንም ጥርስ የሚሸፍን ይሻላል። የፊቱን ጥርስ ብቻ የሚሸፍን ለወራት ቢደረግ ንክሻን ያዛባል። «ንክሻህ እንዲስተካከል ጥርስህን ልሞርደው» የሚልህ ካለ እንቢ በል፤ የተሞረደ ጥርስ አይመለስም። ጋርዱ ጥርስህን ከመሸረፍ ያድነዋል እንጂ ቀን ተገጥሞ የሚውለውን አያስተውም። ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ አይገጠም።

ያሲን፦ ጫት ያባብሰዋል?

መላሽ፦ አዎ፤ ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ማኘክ ጡንቻውን ያደክመዋል። ጎን ማፈራረቅ ያቀለዋል እንጂ አያድነውም።

ሄለን፦ መንጋጭላዬን ያመኛል፣ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ እህቴ፣ ከመቼ? የት? ስንት ጣት? ለሚሚ የጻፍኩትን አንብቢና ተመለሺ።

ሄለን፦ መድኃኒቱን ብቻ ንገሩኝ።

መላሽ፦ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም፣ ከምግብ በኋላ፣ በቀን እስከ 3 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰድ። አሁንም ጣቱን አልነገርሽኝም።

ሳሚ፦ ቦቶክስስ (ጡንቻ የሚያላላው መርፌ)?

መላሽ፦ የእኔ ሙያ አይደለም። ከላይ ያለውን ሳትሞክር አትሂድበት።

ትዕግሥት፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ስታኝክ መንጋጋዋ ይዝላል፣ ስታርፍ ይተዋታል። 3 ሳምንት ሆናት። ጆሮ ግንዷን ማበጠሪያ ሲነካት ያማታል፤ ትናንት አንድ ዓይኗ ለጥቂት ደቂቃ ጨልሞባት ነበር።

መላሽ፦ ይኼ ከላይ ካወራነው ሁሉ የተለየ ነው። የጭንቅላት ደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ከ50 ዓመት በላይ የሚመጣ፣ ካልታከመ ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ነው። ፎጣ አታሙቂላት፣ ነገንም አትጠብቂ። አሁኑኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፤ «ስታኝክ ይደክማታል፣ ዓይኗ ጨልሞ ነበር» ብለሽ በእነዚሁ ቃላት ንገሪያቸው። ደሟ ይመረመራል፣ ከጠረጠሩ ውጤት ሳይጠብቁ ስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ይጀምሩላታል።

ትዕግሥት፦ ታክሲ ጠርቻለሁ።

መላሽ፦ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነካርቶናቸው ያዢ።