ቁጥር ለማሟላት አትፈርሚ

እህቴ፣

በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ ዓመት ከመንፈቅ ያለ ሥራ ቆይተሻል። አሁን ወረዳው ከማታውቂያቸው አራት ወጣቶች ጋር ተደራጅተሽ ለዶሮ እርባታ ብድር እንድትወስጂ ነግሮሻል። አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ደግሞ በትንሽ ደመወዝ ሒሳቡን እንድትይዢለት ይፈልጋል። አባትሽ ወርክሾፑን «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» ሲሉ ንቀውት፣ ብድሩን ግን «ከመንግሥት የመጣ ዕድል አይገፋም» ብለዋል።

አባትሽ ተሳስተዋል። ብድሩ የሚመጣበት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ሲቋቋም ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ቤትም መኪናም የሌለው ወጣት በመያዣ እጦት እንዳይቀር ነው። ገንዘቡ ግን ብድር ነው። በመያዣ ፈንታ የሚያዘው የቡድን ዋስትና ስለሆነ አንዱ ሲጠፋ ዕዳው የቀሩት ትከሻ ላይ ያርፋል።

እኔ አይቼዋለሁ። በ2001 ዓ.ም. አምስት ሆነን ብሎኬት ለማምረት ተደራጀን። ሁለቱን ያወቅኳቸው በፈረምንበት ቀን ነው፤ ቁጥር እንዲሞላ ተጨምረው ነበር። አንደኛው ማሽኑ ሳይተከል ጠፋ፤ ሌላኛው ክረምት ሲገባ ተከተለው። የሼዱ ጣሪያ አፍስሶ 30 ኩንታል ሲሚንቶ ድንጋይ ሆኖ ያደረ ዕለት ጠዋት፣ ከረጢቱን ቀድጄ በመዶሻ ብመታው አልሰነጠቅ አለኝ። የሁለቱን የብድር ድርሻ ሦስታችን ሦስት ዓመት ከፈልን። እኔ የከፈልኩት በአንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ነው። ዋጋ መተመንንም፣ ዱቤ ለማን እንደሚሰጥና እንደማይሰጥም የተማርኩት እዚያ ነው።

በአሠራሩ የምናደድበት ይህ ነው፤ ስንት ወጣት እንደተደራጀ ሪፖርት ይጻፋል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ እየሠራ እንደሆነ ግን ማን ይጠይቃል? በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ይህ ይስተካከላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይኸው ያንቺ ደብዳቤ መጣ። ከአምስታችሁ ዶሮ ያረባ አለ? መኖ በስንት እንደሚገዛ፣ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ሲገባ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ? ከሌለ አትፈርሚ። ፈንዱ እስከ 34 ዓመት ያሉትን ይቀበላል፤ አንቺ ገና 23 ነሽ። ወርክሾፑ ውስጥ ሁለት ዓመት የሰው ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ ካየሽ በኋላ፣ ከምታምኛቸው ሰዎች ጋር ልትበደሪ ትችያለሽ።

ያሰብሽው ሁለተኛ ዲግሪ ይቆይ። ዱባይ ያለችው የአክስትሽ ልጅ «ነይና እዚህ ሥሪ» ያለችሽንም፣ በሕጋዊ ኤጀንሲ የተፈረመ ውል ካላየሽ አታስቢው።

ወርክሾፑ ሌላ ሰው ሳይቀጥር ሰኞ ሂጂ። የቅጥር ውሉን በጽሑፍ ጠይቂ፤ የጡረታ መዋጮ እንደሚከፍሉልሽም ውሉ ውስጥ መስፈሩን ሳታዪ እንዳትፈርሚ።