ካባው፣ የተወካዩ ቃልና የጡረታ አበሉ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለ32 ዓመታት በምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች ያስተማርሁ፣ አሁን በደብረ ማርቆስ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚወክሉን አባል በምክር ቤቱ የዕረፍት ወር መጥተው መራጮቻቸውን ሰብስበው ነበር። ስለ ምክር ቤቱ ሥራ ከነገሩን በኋላ «የጡረተኛውን ጥቅም እናስከብራለን» አሉ፤ በዚያው መድረክም ለአካባቢው ረጅም ዘመን ላገለገልን ጥቂት ሰዎች ካባ ተደረበልን፣ የምስክር ወረቀትም ተሰጠን። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። ነገር ግን በአገልግሎት ዘመንም ሆነ በደረጃ የማይበልጠኝ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ጡረታ የወጣ ባልደረባዬ አበሉ ከእኔ በብዙ የሚበልጠው ስለ ምንድን ነው? የተወካያችን ቃልስ ምን ያህሉ በእጃቸው ያለ ነገር ነው?

መልስ፦ የጠየቁት ሁለት ጉዳይ ቢመስልም ሥሩ አንድ ስለሆነ ከስሌቱ እንጀምር። ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 714/2003፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 የሚተዳደረው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አበልን የሚያሰላው በአገልግሎት ዘመን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ይከፈለው በነበረው አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት የአማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል፤ ድምሩም ከ70 በመቶ አይበልጥም። ወደዚህ ጣሪያ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ጡረታ መውጫው 60 ዓመት ስለሆነ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ዓመት ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ብቻ ይደርስበታል ማለት ነው።

በእርስዎ አገልግሎት እናስላው። 10ሩ ዓመት 30 በመቶ፣ ቀሪው 22 ዓመት 27.5 በመቶ፣ በጠቅላላው 57.5 በመቶ ይሆናል። የመጨረሻ አማካይ ደመወዝዎ 6,000 ብር ነበር ብንል አበልዎ 3,450 ብር ነው። ባልደረባዎ በዚያው 32 ዓመት አገልግሎት፣ ነገር ግን የደመወዝ ስኬሉ ከተሻሻለ በኋላ አማካዩ 10,000 ብር ደርሶ ወጥቶ ከሆነ አበሉ 5,750 ብር ይሆናል። በመካከላችሁ ያለው የ2,300 ብር ልዩነት በሥራ መበላለጥ የመጣ ሳይሆን በየትኛው ዓመት እንደወጣችሁ የተወሰነ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተደረገው ዓይነት የደመወዝ ማሻሻያ በሥራ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሲያነሣ አስቀድሞ የወጣውን በነበረበት ይተወዋል፤ የጤፍና የዘይት ዋጋ ግን ሁለቱንም እኩል ይጠይቃቸዋል። በዚህ ዓምድ አዘጋጅ እምነት በጡረታ ሕጋችን ውስጥ ዛሬ ከሁሉ የሚከብደው ቅሬታ ይህ ነው፤ «ጥቅም ማስከበር» የሚለው ቃልም መመዘን ያለበት ይህን ልዩነት ለማጥበብ በተሠራው ሥራ ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ያደርሰናል። የጡረታ አዋጅ የፌዴራል ሕግ ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ቃል የሰጧችሁ የክልሉ ምክር ቤት አባል ቢሆኑ ኖሮ ከድጋፍ ድምፅ ያለፈ ሥልጣን የላቸውም ባልን ነበር፤ የእናንተ ተወካይ ግን አዋጁን ባጸደቀውና ሊያሻሽለው በሚችለው ምክር ቤት የተቀመጡ ናቸው። ይህም ሆኖ አንድ አባል ብቻውን የማንንም አበል አንድ ብር ሊጨምር አይችልም፤ የነባር ጡረተኞች አበል የሚስተካከለው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ ነው። አባሉ ማድረግ የሚችሉት የሚመለከተው ሚኒስትር በምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ ስለ ነባር ጡረተኞች እንዲመልስ መጠየቅ፣ በቋሚ ኮሚቴ በኩል የጡረታ ፈንዱን አስተዳደር መከታተል፣ የበጀት አዋጅ በሚቀርብበት ጊዜም ጉዳዩን ማንሣት ነው። ይህ ቀላል ሥልጣን አይደለም፤ ግን የሚታይና የሚቆጠር ሥራ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ «ያስከብሩልን» ከማለት ይልቅ «ባለፈው ከተለያየን ወዲህ የነባር ጡረተኛውን ጉዳይ በየትኛው ስብሰባ አነሡ? ምን መልስ ተሰጠዎት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ተወካዩ በምን ጊዜ ምን እንደሠሩ ለማስረዳት አያዳግታቸውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችልም እዚያው ተደንግጓል።

ስለ ካባው አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ካባ መደረብ ተራ ነገር አይደለም፤ በተለይም ያስተማራቸው ልጆች በሚኖሩበት ከተማ መካከል ለአንድ መምህር ሲደረብለት። ይሁን እንጂ ያ መድረክ የበለጠ ሊጠቅም ይችል ነበር። ካባው በሚታደልበት አዳራሽ ጥግ አንድ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የማኅበራዊ ዋስትና ባለሙያና የወረዳው የሰው ኃይል ሠራተኛ ቢቀመጡበት፣ ገና ጡረታ ያልወጡት መምህራን ፋይላቸውን ማስመርመር ይችሉ ነበር። አብዛኛው የጡረታ ችግር የሚወለደው በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ በሲባጎ ታስሮ በተቀመጠ ፋይል ውስጥ ነው፦ ሲቀጠሩ የሞሉት የሕይወት ታሪክ ቅጽ የለም፤ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዛወሩ የመሸኛ ደብዳቤው ቀርቷል፤ የአያት ስም በአንዱ ሰነድ አለ፣ በሌላው የለም፤ የልደት ዘመኑ በአንዱ ገጽ በእኛ አቆጣጠር፣ በሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፎ ሰውየው በወረቀት ላይ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል። ሕጉ የሚቀበለው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበውን ዕድሜ ስለሆነ ይህን በ59 ዓመት ማስተካከል እጅግ ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ እየተዘጋ፣ ለአንድ ማኅተም ከሞጣ ወይም ከብቸና ደብረ ማርቆስ መድረስ ራሱ ፈተና በሆነበት ጊዜ ደግሞ አገልግሎቱ ወደ ሰዉ ቢመጣ ምንኛ በቀለለ ነበር። ይህን ከተወካይዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ አዋጅ ማሻሻል አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በፍኖተ ሰላም ነው። ባለቤቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት 13 ዓመት፣ ከዚያም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የግል ድርጅት 6 ዓመት ሠርቶ በሥራ ላይ እያለ አረፈ። የ16 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉን። አንድ ሠራተኛ የሁለቱ ቦታ አገልግሎት አይደመርም አለኝ፤ ዘመዶቼ ደግሞ ለምክር ቤት አባሉ አቤት በይ ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በቃል የተነገረዎት ትክክል አይደለም፤ በመንግሥት ሠራተኞችም ሆነ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ሥር መዋጮ የተከፈለበት አገልግሎት ተደምሮ ይታሰባል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 የተጀመረ ስለሆነ የባለቤትዎ 6 ዓመት በሙሉ በእርሱ ዘመን የወደቀ ነው። 19 ዓመት አገልግሎት 41.25 በመቶ ያስገኛል፤ አማካይ ደመወዙ ለምሳሌ 8,000 ብር ቢሆን መነሻው 3,300 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለሚስት 50 በመቶ፣ ማለትም 1,650 ብር፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ ማለትም 660 ብር ይታሰባል። የልጆቹ ድርሻ በመደበኛው የሚከፈለው 18 ዓመት እስኪሞላቸው ነው።

በጥንቃቄ ሊያጣሩ የሚገባው ድርጅቱ የባለቤትዎን 7 በመቶና የራሱን 11 በመቶ መዋጮ በእርግጥ ገቢ አድርጎ እንደሆነ ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ ተቀንሶ ሳይገባ የቀረ ገንዘብ ቢኖር ተጠያቂው አሠሪው እንጂ ቤተሰቡ አይደለም፤ ስለዚህ የደመወዝ መክፈያ ወረቀቶቹን ይሰብስቡ። የሞት፣ የጋብቻና የልጆቹን የልደት ማስረጃ አያይዘው ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ውሳኔው ካላረካዎት አቤቱታው የሚቀርበው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው፤ በጉባኤው ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ የሚል ወገን ደግሞ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ያመለክታል። የምክር ቤት አባሉ ደብዳቤ መዘግየትን ሊያሳጥር ይችል ይሆናል፤ ይግባኝን ግን አይተካም። ብዙ ባለጉዳዮች የተወካይ ምላሽ ሲጠብቁ የይግባኝ ጊዜያቸው ያልፍባቸዋልና ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኪዱ።

ጥያቄ፦ እኔ የደጀን አርሶ አደር ነኝ። ስብሰባው ሁሉ ስለ ደመወዝተኛ ጡረታ ሆነ። የእኛስ?

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። ሁለቱ የጡረታ አዋጆች የተሠሩት ደመወዝ ለሚከፈለው ሠራተኛ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች አዋጅ መደበኛ ባልሆነ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲካተቱ በር ቢከፍትም፣ መዋጮው በወር ደመወዝ የሚሰላ ሥርዓት በዓመት አንድ ጊዜ ምርት ለሚሰበስብ ገበሬ የሚመች አይደለም። በዚህም ምክንያት ጉልበቱ የደከመ አርሶ አደር መሬቱን ለእኩል አራሽ እየሰጠ ወይም በልጆቹ ተደግፎ ይኖራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ግዴታ ሲጥልበት ደመወዝተኛና ገበሬ ብሎ አልለየም፤ ተወካይዎን ሲያገኙ በዚህ አንቀጽ መሠረት ለአረጋውያን አርሶ አደሮች ምን እንደታሰበ ይጠይቋቸው።