ስለ ሞይሴዬቭ የ1974 ዋንጫ፣ ቪዲዮ ልሠራ ላልከው ወንድሜ

"ስለ ሩሲያዊው የሞቶክሮስ (በወጣ ገባ ሜዳ የሚደረግ የሞተር ሳይክል ውድድር) ሻምፒዮን ጌናዲ ሞይሴዬቭ ቪዲዮ ልሠራ ነው፤ የ1974ቱን ዋንጫ ያገኘው በዳኞች ውሳኔ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?" ብለሃል። እውነትነት አለው፤ ግን እሱን ብቻ ይዘህ ከሠራህ ሰውየውን ትበድለዋለህ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከሁሉ በፊት ነጥብ አሰጣጡን ያዝ። በዚያ ዘመን በአንድ ግራንድ ፕሪ (ለዓለም ዋንጫው ነጥብ በሚያሰጥ ዝግጅት) ሁለት ውድድር ነበር፤ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ተነድቶ ሁለት ዙር ይጨመርበታል። አንደኛ 15፣ ሁለተኛ 12፣ ከዚያ 10፣ 8፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1። አሥራ አንደኛ የወጣ ባዶ እጁን ይመለሳል።

2. አሁን ወደ ቮለን እንሂድ። የ250 ሲሲው (በሞተር መጠን የተለየው ምድብ) የ1974 መዝጊያ እዚያ ስዊዘርላንድ ነበር። ቼኮዝሎቫኪያዊው ያሮስላቭ ፋልታ በአገሩ ሥሪት በቼዜድ ሞተሩ የመጨረሻውን ውድድር አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ወገኖቹም ሻምፒዮን ብለው ደስታቸውን ጀመሩ። ሶቪየቶች "የመነሻው በር ሳይከፈት ወጥቷል" ብለው አቤቱታ አስገቡ፤ ዳኞቹ ተቀብለው አንድ ደቂቃ ቀጡት። ሰው "አንድ ደቂቃ ምን አላት?" ይላል። ነጂዎቹ የሚለያዩት በሰከንዶች ስለሆነ 60 ሰከንድ ሲታከልብህ ከኋላህ የነበሩት ተራ በተራ በላይህ ይሰፍራሉ፣ 15 ነጥብህም ወደ ጥቂት ይወርዳል። ዋንጫው ወደ ሞይሴዬቭ የዞረው እንዲህ ነው። የሶቪየት ቡድን ጓደኞቹ ሜዳው ላይ ፋልታን ሆን ብለው ሊጥሉት ሞክረዋል የሚለው ክስም አለ፤ እሱንም አትደብቀው። ግን ቅጣቱን የወሰኑት ዳኞች ናቸው። ለመዝጊያው ቀን ዋንጫ በሚያሰጥ ርቀት ላይ ያደረሰውን ነጥብ ደግሞ ሞይሴዬቭ ዓመቱን ሙሉ በየሜዳው ነድቶ ነው ያጠራቀመው። ይህን ዘለው "ሌባ" የሚሉት ሰዎች ያናድዱኛል።

3. "በሶቪየት ሞተር አሸነፈ" ብለህ እንዳትጽፍ። የነዳው ኬቲኤም ነው፣ ማቲግሆፈን ኦስትሪያ የተሠራ፤ ያ የ1974 ዋንጫ ለፋብሪካው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ነው። የመጀመሪያው ሶቪየታዊ የሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮንም እሱ አይደለም፤ ቪክቶር አርቤኮቭ በ1965፣ እሱም በቼዜድ፣ ቀድሞታል።

4. ቪዲዮህ ላይ ሰፊውን ቦታ ለ1977 እና ለ1978 ስጥ። በመካከሉ ሃሪ ኤቨርትስ በፑህ ሞተር፣ ሄይኪ ሚኮላ በሁስክቫርና ሞተር ዋንጫውን ወስደውት ነበር፤ ሞይሴዬቭ ተመልሶ ሁለቱን በተከታታይ በላ፣ በ1977 ሁለተኛ የወጣውም የራሱ የቡድን ጓደኛ ቭላዲሚር ካቪኖቭ ነው። ክብደቱ የሚገባህ ሞተሩ ምን ያህል እንደተለወጠ ስታይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኋላው ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዘው 10 ሴንቲሜትር አካባቢ ነበር። ሆካን አንደርሰን በ1973 ባለ አንድ ሾክ (የኋላውን ጎማ ንዝረት የሚያፍን ክፍል) ያማሃ ይዞ ካሸነፈ በኋላ ፋብሪካው ሁሉ ርቀቱን ለመጨመር ተሽቀዳደመ፣ በ1978 ከ25 ሴንቲሜትር አለፈ። የሚጓዘው አጭር በሆነ ሾክ ጉድጓድ ፊት ጋዝ ትቀንሳለህ፣ ካልቀነስክ ኋላው ዘሎ ይጥልሃል፤ በረጅሙ ጋዙን ይዘህ ታልፋለህ፣ ግን ወንበሩ ከፍ ስለሚል ኩርባ ላይ ሚዛን አጠባበቁ ሌላ ነው። በአንዱ የሠለጠነ ሰውነት ለሌላው እንደ አዲስ መማር አለበት። ሞይሴዬቭ በሁለቱም ዓይነት የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ ይህን ደግሞ የትኛውም ዳኛ ሊሰጠው አይችልም። በዚያው በ1978 ምዕራብ ጀርመን ጋይልዶርፍ ላይ የሶቪየት ቡድን የሞቶክሮስ ዴ ናሲዮንን (አገሮች በቡድን የሚወዳደሩበትን) ዋንጫ ሲያነሳ እሱም ካቪኖቭም ነበሩበት።

የሽፋን ምስሉን ስታዘጋጅ ለሞይሴዬቭ የዛሬዋን ሩሲያ ባንዲራ አትለጥፍ፤ የሌኒንግራድ ልጅ ቢሆንም የተወዳደረው ለሶቪየት ኅብረት ነው፣ ካቪኖቭ ደግሞ ዩክሬናዊ ነው። ለሁለቱም ቀዩን የሶቪየት ባንዲራ አድርግ።