የትኛውን አፕ ከማለታችሁ በፊት ድምፁን አስተካክሉ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ ወንድሜ። «ለአዳዲስ ኡስታዞች የተጅዊድ (የቁርአን አነባበብ ሕግ) ሥልጠና በዙም ልንጀምር ነው፤ የትኛውን አፕ እንግዛ?» ላልከው፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የድምፁን ነገር ጨርሱ። ሥልጠናውን የሚያበላሸው እሱ ነው።

1. ዙም ጫጫታ የሚያጠፋው ለተራ ወሬ በሚሆን መንገድ ነው። የማራገቢያ ድምፅ አጠፋለሁ ሲል እንደ ሲን፣ ፋ እና ሃ ያሉትን የሀምስ ሐርፎች (ሲነበቡ ትንፋሽ የሚፈስባቸውን ፊደላት) ይሸርፋል፤ የተሳበውን ጉናም (በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ) ሊያደክመው ይችላል። አሠልጣኙ «ጉናህ አጠረ» ይላል፣ ሠልጣኙ ያስረዝማል፣ በአካል ሲቀራ (ቁርአን ሲያነብ) ከልክ ያልፋል። ያልነበረ ስህተት ሲታረም አዲስ ስህተት ተተከለ፤ ይህ ሰው ደግሞ ነገ ልጆች ፊት ይቀመጣል።

መፍትሔው ኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ያለው «ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሙዚሺያንስ» ነው። ሙዚቃ ቢልም ለቂርአት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ብዙ አሠልጣኞች ግን በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያበሩትና ለውጥ ሲያጡ ሠልጣኙን ይወቅሳሉ። ይህ በደል ነው! ድምፁ የሚጣራው በሚቀራው ሰው መሣሪያ ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ራሱ ያብራው፤ ስብሰባው ውስጥ ከገባ በኋላም እንደበራ ያረጋግጥ። የማሚቶ ማጥፊያው አብሮ ከተዘጋ የጆሮ ማዳመጫ ግድ ነው። ማይኩ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ የባ እና የታ ትንፋሽ ይመታዋል።

2. የቤት ሥራ ቂርአት በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አይላክ፤ በጣም ይታመቃል። በስልኩ መቅጃ ተቀድቶ እንደ ፋይል ይላክ። ሙስሐፉም (የቁርአን መጽሐፉም) ሁሉም ዘንድ አንድ ሪዋያ (የአቀራር ዘገባ፣ እንደ ሐፍስ ወይም ወርሽ) ይሁን፦ የሐፍስ ቆጠራ 6236 አያ (አንቀጽ)፣ የወርሽ 6214 ስለሆነ ቁጥር ብቻ ጠርታችሁ ብታርሙ አንዱ ሌላ አያ ላይ ያርፋል። ለስላይድ አያ ከፒዲኤፍ አትቅዱ፤ ሐረካው (የአናባቢ ምልክቱ) ይዘበራረቃል። ታንዚል ከሚባለው የቁርአን ጽሑፍ ድረ ገጽ ወስዳችሁ፣ ከሙስሐፍ ጋር አመሳክራችሁ፣ የመጨረሻውን በፒዲኤፍ አስቀምጡ።

ቂርአት የሚያዳምጡት አፖች የተዘለለ ቃል ለመያዝ ይጠቅማሉ፤ ለሒፍዝ (በቃል ለመያዝ) ተጠቀሙባቸው። መኽረጅን (የፊደሉን መውጫ ቦታ) ግን ለነሱ አትተዉ፤ እሱ የኡስታዝ ጆሮ ሥራ ነው።

ገንዘቡ ከተረፈ የስልክ ማቆሚያ ግዙበት። ሠልጣኙ የ10 ደቂቃ ደርስ (ትምህርት) ሲሰጥ ይቀረጽ፤ አሠልጣኙ አስተያየት ከመስጠቱ በፊት ሠልጣኙ ራሱ አይቶ ሦስት ነጥብ ከነደቂቃው ይጻፍ። ልጆች በቀረጻው እንዳይታዩ ካሜራው ወደ ሰሌዳው ይዙር።